ቫልቭ ማጥበብ ወይስ የሞተሩን ፍጥነት መቀነስ?

ፓምፑ ከሚፈለገው በላይ ውሃ ሲገፋ ብዙ ሰው ቫልቩን ያጠባል። ርካሽ ነው፤ ማንም ይችለዋል። ሞተሩ ግን በሙሉ ፍጥነቱ መሽከርከሩን ይቀጥላል። የተከፈለበት ኃይል ጠባቡ ቫልቭ ላይ ወደ ሙቀትና ድምፅ ተቀይሮ ይባክናል። አጠገቡ ቆማችሁ ጆሮ ስጡት፤ ሲያፏጭ ይሰማል።

ሌላው አማራጭ ኢንቨርተር፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ (ኸርዝ) እየቀየረ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ ገጥሞ ራሱን ሞተሩን ማዘግየት ነው። ፍላጎቱ በየሰዓቱ ለሚለዋወጥ ሕንፃ ወይም ፋብሪካ እኔ ያለ ማመንታት ይህንን እመርጣለሁ። በሴንትሪፉጋል ፓምፕ (ውሃውን በሚሽከረከር ምላጭ በሚገፋው) ፍሰቱ የሚቀንሰው በፍጥነቱ ልክ ነው፤ ኃይሉ ግን በፍጥነቱ ኩብ (ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ) ይወርዳል። ከ50 ኸርዝ ወደ 40 ብታወርዱት ፍሰቱ 80 በመቶ ይሆናል፤ የሚፈልገው ኃይል ግን ወደ 51 በመቶ ገደማ። ግማሽ በሉት! በዚያ ላይ ሞተሩ ቀስ ብሎ ስለሚነሳ የኤሌክትሪክ መስመሩን አያስጨንቅም።

ይህ ስሌት በደንብ የሚሠራው ውሃው ወደ ከፍታ ሳይነሳ በቧንቧ ውስጥ ብቻ ሲዘዋወር ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ ለሚስብ ፓምፕ ግን አብዛኛው ኃይል ውሃውን ወደ ላይ ለማንሳት ስለሚውል ቁጠባው በጣም ያንሳል፤ ፍጥነቱ ከልክ በላይ ከወረደ ጭራሽ ውሃ አይወጣም። ሁልጊዜ በሙሉ ጭነት ለሚሠራ ሞተርም ኢንቨርተር አልመክርም፤ ኢንቨርተሩም ከኃይሉ የራሱን ድርሻ ይበላል። ያን ገንዘብ አይኢ3 (IE3) የተባለ ከፍተኛ የኃይል ብቃት ደረጃ ባለው ሞተር ላይ ማዋል ይሻላል።