ደሴና ኮምቦልቻ በቢትኮይን የምትሸጡ፦ ያልተረጋገጠ ክፍያ ይዛችሁ ዕቃ አታስረክቡ

ወገን፣ ሰሞኑን የአንድ ወዳጄ ላፕቶፕ እዚሁ ደሴ መሀል ከተማ በጠራራ ፀሐይ ተበላ። ዘዴው ቀላል ነው። ሌላ ሰው ላይም መደገሙ አይቀርም። ስለዚህ አንብባችሁ ለሚመለከተው አስተላልፉ።

ልጁ ላፕቶፑን ቴሌግራም ላይ ለሽያጭ አወጣው። ገዢ ተብዬው «በቢትኮይን ልላክልህ፣ ትንሽም እጨምርልሃለሁ» አለው። ፒያሳ አንድ ካፌ ተገናኙ። ሰውየው እዚያው ቁጭ ብሎ ላከ። የልጁ ዋሌት (ቢትኮይን የሚያዝበት መተግበሪያ) ጮኸ፣ መጠኑም በትልቁ ታየ። ከስሩ ግን በደብዛዛ ፊደል «ያልተረጋገጠ» ይላል። ልጁ ይሄ ምንድን ነው ሲለው፣ «አብሽር፣ ኔትወርክ ነው፤ ገባ እኮ!» አለው። የማኪያቶውንም ሂሳብ እሱው ከፈለ። ከዚያ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ እብስ። ትንሽ ቆይቶ ክፍያው ከዋሌቱ ላይ ጠፋ። ስልኩም ዝግ ነው።

ዋሌቱን ማንም አልሰበረውም። ሰውየው የተጠቀመው ኔትወርኩ ራሱ በሚፈቅደው አሠራር ነው፤ ሪፕሌስ ባይ ፊ ይባላል። ቢትኮይን ሲላክ መጀመሪያ ኖድ የሚባሉት ኮምፒውተሮች እየተቀባበሉ ያዳርሱታል። ብሎክ በሚባለው የግብይት መዝገብ ገጽ ውስጥ እስኪገባ ድረስም ሜምፑል በሚባል መጠባበቂያ ያቆዩታል። በዚህ ጊዜ ላኪው ያንኑ ሳንቲም የኔትወርክ ክፍያ ጨምሮ ወደ ሌላ አድራሻ፣ ለምሳሌ ወደ ራሱ፣ መልሶ መላክ ይችላል። ኖዶቹ አነስተኛ የከፈለውን አውጥተው ብዙ የከፈለውን ይይዛሉ። ብሎኩን የሚሠሩት ማይነሮችም የሚያስቀድሙት የተሻለ የሚከፍላቸውን ነው። መናኸሪያ ላይ መኪና ሲጠፋ ጨምሮ የከፈለ ቀድሞ እንደሚሳፈረው ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍያ በዚያው ተሰርዞ ይቀራል።

አሠራሩ ለማጭበርበር የተፈጠረ አይደለም። ትንሽ ከፍሎ ወረፋ ላይ የቀረ ሰው ክፍያውን ጨምሮ እንዲያፋጥን ነው የመጣው። ለዚያ ደግሞ በጣም ይጠቅማል። አደጋው ሳይረጋገጥ ዕቃ በሚያስረክበው ላይ ነው።

«ክፍያው የሚቀየር መሆኑን የኔ ዋሌት ያሳየኛል» የሚል አይጠፋም። ድሮ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የቢትኮይን ኮር (አብዛኞቹ ኖዶች የሚሠሩበት ፕሮግራም) 0.12 የሚቀበለው ላኪው ሊቀየር እንደሚችል ቀድሞ ምልክት ያደረገበትን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የወጣው 28.0 ግን ምልክት ኖረም አልኖረም መተካቱን በነባሪ ይቀበላል። ስለዚህ ምልክት የለውም ብላችሁ አትዘናጉ።

እና ምን ይሻላል? መጠበቅ ብቻ። ብሎክ በአማካይ በየ10 ደቂቃው ነው የሚወጣው፤ አንዳንዴ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ላኪው ሆን ብሎ ዝቅተኛ የኔትወርክ ክፍያ ካደረገበት ደግሞ ሰዓታትም ሊቆይ ይችላል። ክፍያው ብሎክ ውስጥ ሲገባ አንድ ማረጋገጫ ይባላል፤ ከዚያ በላዩ በሚወጣ በየብሎኩ አንድ ይጨምራል። ለአነስተኛ ዕቃ ቢያንስ አንድ ማረጋገጫ ይግባ። ለትልቅ ገንዘብ የተለመደው 6 ነው። ገዢው የሚያሳያችሁን ስክሪንሾት እርሱት። የግብይቱን መለያ ቁጥር ተቀብላችሁ ሜምፑል ዶት ስፔስ (mempool.space) የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በራሳችሁ ስልክ ፈልጉት። በሌላ ከተተካም እዚያው ይነግራችኋል።

ሌላም አለ፣ ባጭሩ። ክፍያ ሲዘገይባችሁ «እኔ አስለቅቅልሃለሁ፣ ትንሽ ላክ» የሚሉ ሰዎች በቴሌግራም ይመጣሉ። አትላኩ። የላካችሁት እናንተ ከሆናችሁ ብዙ ዋሌቶች ላይ የኔትወርክ ክፍያ መጨመሪያ አለ። ተቀባይም ብትሆኑ ያልተረጋገጠውን ገንዘብ በከፍተኛ ክፍያ ወደ ራሳችሁ አድራሻ መልሳችሁ በመላክ ሁለቱ አንድ ላይ እንዲገቡ ማድረግ ትችላላችሁ። ዋሌታችሁን የሚከፍቱትን 12ቱን ወይም 24ቱን ሚስጥራዊ ቃላት የጠየቃችሁ ሰው ካለ ግን ወዲያው ብሎክ አድርጉት።

ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ አስታውቋል። ስለዚህ ከተበላችሁ በኋላ አቤት ማለቱ ራሱ ከባድ ነው። ገዢው በብር ይክፈል። «በቢትኮይን ካልሆነ» ካለና ማረጋገጫው እስኪገባ አልጠብቅም ብሎ ካዋከባችሁ፣ ዕቃችሁን ይዛችሁ ተነሱ።