የዳሽቦርድ ሽፋኖችን ቤት ውስጥ ገፎ ማደስ፦ ስፕሬይ፣ ስቲከር ወይስ ቀለም ቀቢ?

ባለፈው ጥር የእህቴ ባል መኪናውን እንዳይለት ጠራኝ። ከአውሮፓ የመጣ የቆየ መኪና ነው፤ ሞተሩ ደህና ነው፣ ወንበሩም ንጹሕ ነው። የሬዲዮውን ዙሪያ ስነካው ግን ጥቁር ዝልግልግ ነገር ጣቴ ላይ ቀረ። የሸሚዜን እጅጌም ነካ፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። «በሳሙና አጥቤ አጥቤ ሰለቸኝ፤ ነገ ጥቁር ስፕሬይ ልገዛ ነው» አለኝ። እንዳይገዛ ለመንኩት። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለቀለሙ ነው፤ ሥራውን የሚያበላሸው ግን ከቀለሙ ሥር ያለው ነገር ነው። ምርጫውን ማነጻጸር የምጀምረውም ከዚያው ከሥሩ ነው።

ዳሽቦርድ፣ መካኒኮቻችን ክሩስኮት የሚሉት ነገር፣ አንድ ወጥ አካል አይደለም። ከፊት መስታወቱ ሥር የተዘረጋው ሰፊው ክፍል ብዙ ጊዜ ቆዳ መሰል ለስላሳ ፕላስቲክ ሆኖ ከሥሩ ስፖንጅ አለው። የሬዲዮው ዙሪያ፣ የአየር መውጫዎቹ ክፈፍ፣ የማርሹ ዙሪያና የመስኮት ማዘዣዎቹ የተተከሉበት ሽፋን ግን እየተነቀሉ የሚገጠሙ ትንንሽ ጠንካራ ፕላስቲኮች ናቸው። እዚህ የማወራው ስለ ትንንሾቹ ነው። ሰፊውን የላይኛውን ክፍል፣ በተለይም የተሳፋሪው ኤርባግ የተደበቀበትን ቦታ፣ እባካችሁ አትቀቡ፤ ስቲከርም አትለጥፉበት። ኤርባጉ በአደጋ ጊዜ የሚወጣው ሽፋኑን በተዘጋጀለት ስስ መስመር ላይ ቀዶ ነው። በዚያ መስመር ላይ የሚጨመር ማንኛውም ንብርብር አቀዳደዱን ሊለውጥ ይችላል፤ የደረቀ ቀለም ስባሪም ወደ ተሳፋሪው ፊት ሊበተን ይችላል። የላይኛው ክፍል ከተሰነጠቀ ለመኪናው ሞዴል በልኩ የተሰፋና የኤርባጉን ቦታ ክፍት የሚተው የጨርቅ ምንጣፍ ግዙ።

ሽፋኑ ሲነቀል ጀርባውን አገላብጣችሁ እዩ። የፕላስቲኩን ዓይነት የሚናገሩ፣ በሁለት ቀስቶች መካከል የታተሙ ትንንሽ የላቲን ፊደላት አሉ። ኤቢኤስ (ABS) የሚል ከሆነ፣ ለብቻውም ይሁን ከፒሲ (PC) ጋር፣ ቀለም በቀላሉ ይይዛል፤ ኃይለኛ ማሟሟያ ግን አይችልም። ፒፒ (PP) የሚል ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ማሟሟያ ብዙም አይነካውም፣ ቀለም ግን አይቀበልም። በፒፒ ላይ በቀጥታ የተረጨ ቀለም ደርቆ ሲያዩት ያማረ ይመስላል፤ ከወር በኋላ በጥፍር ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ከቀለሙ በፊት ማጣበቂያ ፕራይመር ያስፈልገዋል፤ ጣሳው ላይ ለፕላስቲክ መሆኑ የተጻፈበትን ምረጡ። ፊደሉ ከጠፋ ከጀርባው በምላጭ ትንሽ ፍቃቂ አንሥታችሁ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣሉት። ንጹሕ ፒፒ ይንሳፈፋል፣ ኤቢኤስ ይሰምጣል። የማዕድን ዱቄት የተቀላቀለበት ፒፒ ሊሰምጥ ስለሚችል ግን ፊደሉ ካለ ፊደሉን እመኑ።

መግፈፍ፦ አልኮል፣ የብርጭቆ ወረቀት ወይስ ቲነር?

ጊዜያችሁን የምትሰጡት እዚህ ላይ ነው። በእህቴ ባል መኪና ላይ የነበረው ዝልግልግ ነገር ፋብሪካው ሽፋኑ ለእጅ እንዲለሰልስ ብሎ የቀባው የፖሊዩሬቴን ንብርብር ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻና 2000ዎቹ በብዙ መኪኖች ላይ ተቀብቷል። ከአየሩ እርጥበትና ከሙቀት የተነሣ ውስጡ በዓመታት ይፈራርስና ወደ ሙጫነት ይለወጣል። የዚያ ዘመን ፌራሪዎች ባለቤቶች ሳይቀሩ የሚያማርሩበት ችግር ስለሆነ መኪናዬን በደንብ ስላልያዝኩ ነው ብላችሁ አትዘኑ። በዚህ ሙጫ ላይ የሚረጭ ቀለም በጭቃ ላይ እንደተነጠፈ ስሚንቶ ነው፤ ሥሩ ስለሚንቀሳቀስ ላዩ ይሰነጠቃል።

ለዚህ ዓይነቱ ንብርብር የሚሻለው አይሶፕሮፒል አልኮል ነው፤ ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን ፈልጉ። ሞባይል የሚጠግኑ ሰዎች ቦርድ የሚያጸዱበት ስለሆነ የጥገና ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው ዝልግልግ አልኮል አይሆንም፤ ለቆዳ ተብሎ የተጨመረበት ቅባት ሽፋኑ ላይ ይቀራል። የጥጥ ጨርቅ በአልኮሉ አርሳችሁ ሽፋኑ ላይ አንጥፉት፤ እንዳይተን በፌስታል ሸፍኑና አሥር ደቂቃ ተዉት። ከዚያ ባገለገለ የባንክ ካርድ ጠርዝ ግፈፉ። ሙጫው እየተጠቀለለ ይወጣል፤ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ካልቀየራችሁ ግን መልሳችሁ ትቀቡታላችሁ። ሁለትና ሦስት ጊዜ መደጋገም ይፈልጋል። ሥራውን በረንዳ ላይ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ ከከሰልና ከምድጃ ርቃችሁ ሥሩት፤ የአልኮል እንፋሎት በቀላሉ እሳት ይይዛል።

ሙጫው ሲያልቅ ከሥሩ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ጥቁር ፕላስቲክ ይወጣል፤ ያኔ መቀባት አያስፈልግም። የእህቴ ባል እስከ ዛሬ ቀለም አልገዛም።

የአልኮሉ ትልቅ አደጋ ቁልፎቹ ላይ ነው። የመብራት፣ የአየርና የሬዲዮ ቁልፎች ላይ ያሉት ምልክቶች ብዙ ጊዜ የታተሙ አይደሉም፤ ጥቁሩ ንብርብር በጨረር ተፍቆ ከሥሩ ያለው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ የታየባቸው ናቸው። ጥቁሩን ከገፈፋችሁ ምልክቱ አብሮ ይሄዳል፤ ማታ መብራት ስታበሩም ቁልፉ በሙሉ ይበራል። ቁልፎቹን ነቅላችሁ ለብቻ አስቀምጡና በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጉ። የባሰባቸው ካሉ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገሉ ቁልፎች መፈለግ ይሻላል።

የብርጭቆ ወረቀት የሚጠቅመው ለሌላ ዓይነት ጉዳት ነው፤ ለተቧጨረ፣ ለተላጠ ወይም የእንጨት መልክ ኖሮት ላዩ ለተሰነጣጠቀ ሽፋን። በ400 ቁጥር ወረቀት ጀምሮ በ600፣ ከዚያም በ800 በውኃ እያራሱ መጨረስ ይበቃል። ቆዳ መሰል ሸካራነት ያለውን ሽፋን ግን በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት፤ ያ ሸካራነት አንዴ ከተፈገፈገ አይመለስም። በምትኩ ሰሃን የሚታጠብበት አረንጓዴ ሸካራ ስፖንጅ ጎድጓዳውን ሳያጠፋ ላዩን ያደበዝዛል።

ቲነርን በሚመለከት ከራሴ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የማርሽ ዙሪያ ሽፋን በቲነር ጠረግሁ። ቀለሙ በአንድ ጊዜ ለቀቀና ደስ አለኝ። ወዲያው ፕላስቲኩ ነጣ፣ ጨርቁ ተጣበቀበት፣ የአውራ ጣቴ አሻራም እንደ ማኅተም ታተመበት። ከሦስት ቀን በኋላ ሽፋኑን ከቦታው የሚይዘው መንከሻ ያለበት ጥግ ተሰነጠቀ። ኤቢኤስ ነበር። ቲነርና አሴቶን ከቀለሙ ጋር ፕላስቲኩንም ያሟሟሉ፤ ዋጋው የረከሰ ነው ብላችሁ አትሞክሩት።

በየትኛውም መንገድ ከመግፈፋችሁ በፊት ሽፋኑን በፈሳሽ የሰሃን ሳሙናና በሞቀ ውኃ አጥባችሁ አድርቁ። በየመኪና ማጠቢያው ዳሽቦርዱን ለማብረቅ የሚረጩት ብዙዎቹ ፈሳሾች ሲሊኮን አለባቸው። ሲሊኮን የቀረበት ቦታ ላይ ቀለም ስትረጩ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል። ሳይታጠብ መፈግፈግ ደግሞ ሲሊኮኑን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ያስገባዋል።

ስፕሬይ

ለትንንሽና ጠመዝማዛ ሽፋኖች የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ነገር ግን የብረት አጥር የሚቀባበት ስፕሬይና ለፕላስቲክ ወይም ለቪኒል ተብሎ የተሠራው ስፕሬይ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ይረክሳል፤ ለመጠንከር ግን ብዙ ቀን ይፈልጋል፣ በፀሐይ ይለሰልሳል፣ ሽታውም ከመኪናው ውስጥ ቶሎ አይወጣም። ሁለተኛው ስስ ሆኖ ይቀመጣል፣ ፕላስቲኩ ሲተጣጠፍ አብሮ ይተጣጠፋል፣ የቆዳ መሰሉን ሸካራነትም አይደፍንም። የዋጋው ልዩነት ያናድዳል፤ ሆኖም ለአንድ መኪና የሬዲዮ ዙሪያ፣ የማርሽ ዙሪያና የአየር መውጫ ክፈፎች አንድ የ400 ሚሊ ሊትር ጣሳ ስለሚበቃ ልዩነቱ የሚከፈለው አንዴ ነው።

አረጫጨቱ ትዕግሥት ነው። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ እጅ ሳይቆም፣ የመጀመሪያው ዙር ፕላስቲኩ ከሥሩ እየታየ እንደ ጤዛ ብቻ። አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ጣሳው ስለሚቀዘቅዝ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆም አረጫጨቱን ያለሰልሰዋል፤ የፈላ ውኃ ግን በፍጹም አይሁን፣ ጣሳው ሊፈነዳ ይችላል። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ያለው ጊዜ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ጥሩ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አትጀምሩት፤ እርጥበቱ ቀለሙ ላይ እንደ ጉም ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ቀለሙ የማያብለጨልጭ ይሁን። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሱቅ ውስጥ ያምራል፤ መኪና ውስጥ ግን ፀሐይን ወደ ዓይን ይመልሳል፣ አቧራና የጣት አሻራም ያወጣል።

ስቲከር

ስቲከር ቀጥ ላለ ሽፋን፣ ሊሸጥ ለታሰበ መኪና ወይም ቀለም ለመርጨት ቦታ ለሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይመቻል። ሽታ የለውም፤ ካልወደዳችሁት በፀጉር ማድረቂያ አሙቃችሁ ታነሡታላችሁ። ሻጩን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ግን አለ፦ የስቲከሩ ፕላስቲክ (ቪኒሉ) በፈሳሽነት ተነጥፎ የደረቀ ነው ወይስ በማሽን ተዳምጦ የሳሳ? የተዳመጠው ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ይሸሻል፤ በፀሐይ ከጠርዝ እየተሰበሰበ ሙጫውን ያጋልጣል። በሜትር ተቆርጠው በርካሽ የሚሸጡት ካርቦን መሳይ ስቲከሮች በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ናቸው። ተነጥፎ የደረቀው፣ ለምሳሌ 3ኤም 2080፣ ውፍረቱ 0.09 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጥግ ላይ በደንብ ይታጠፋል፣ ታጥፎም ይቀራል። ሸካራ ሽፋን ላይ ግን የትኛውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይጣበቅም። ለአየር መውጫ ምላሶችም አትሞክሩት።

ቀለም ቀቢ

በኮምፕረሰር የሚረጭና በማጠንከሪያ የሚደርቅ ባለ ሁለት ክፍል ቀለም ከሁሉም የበለጠ ይበረታል። የእንጨት መልክ ያላቸውን ሽፋኖች እንደ መስታወት ለማለስለስ ሌላ መንገድ የለም። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት ሳንባን ስለሚጎዳ ግን ይህን ቀለም በጣሳም ቢሆን ቤታችሁ ውስጥ አትርጩ፤ ተራ የጨርቅ ጭንብል አያድንም። ሽፋኖቹን ራሳችሁ ነቅላችሁ፣ ገፍፋችሁና አጥባችሁ ለቀቢው ብትወስዱለት የእጅ ዋጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ከነመኪናው ከወሰዳችሁት ግን ሳይነቀል በጋዜጣና በፕላስተር ሸፍኖ ሊረጭ ይችላል፤ ከዓመት በኋላ የሚላጠው በዚያ ጠርዝ ነው። «ትነቅለዋለህ ወይ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሙቀቱን አቅልላችሁ አትዩ። በፈረንጆቹ 2018 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በበጋ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት የቆሙ መኪኖችን ሲለኩ የዳሽቦርዱ አማካይ ሙቀት 69 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ዱባይ የምትነዱ ሰዎች ርካሹን ስቲከርና የአጥሩን ስፕሬይ ከዝርዝራችሁ አውጡ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የፀሐይዋ ጨረር ቀለም ያነጣል፤ እዚህ ከሙቀት ይልቅ የሚያሳስበው መንጣት ነው።

ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ ያለ ዘመድ ጥሩ ስፕሬይ ያምጣልኝ የምትሉም አላችሁ። አትጠይቁት። የቀለም ስፕሬይ ተቀጣጣይ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣም ሆነ በእጅ ቦርሳ አውሮፕላን ላይ አይገባም፤ ኤርፖርት ላይ ይወሰድበታል። የተጠቀለለ ስቲከር ግን ያለ ችግር ይመጣል። የመንቀያ የፕላስቲክ መሣሪያዎችንም አብሮ ቢልክ ካቻቢቴ ከሚተወው ጠባሳ ትድናላችሁ።

ለመንቀል ስትነሡ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ኤርባግ አጠገብ ከመንካታችሁ በፊት የቶዮታ የጥገና መመሪያ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅ ያዛል፤ አንዳንድ አምራቾች ከዚያ በላይ ይላሉ። መሪው ላይ ያለውን ኤርባግ ራሱን በፍጹም አትንቀሉ። የተቀቡትን ሽፋኖች ደግሞ በነጋታው ለመግጠም አትቸኩሉ። ሲነኩት የደረቀ ቀለም ገና አልጠነከረም፤ መንከሻው ሲገባ የሚያርፍበት ግፊት ጠርዙን ያነሣዋል። እኔ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ በማይመታው መደርደሪያ ላይ አቆያቸዋለሁ፤ ከዚያ ፊታቸውን ፎጣ ላይ አድርጌ ከጀርባ አሸታለሁ። ቀለም ቀለም ካሸተተኝ ሌላ ሦስት ቀን እጨምራለሁ።