ስምንት ወር ከክራስኖጎርስክ 3 ጋር፦ ካሜራው ርካሽ፣ ፊልሙ ጠቦት

አክስቴ መንዝ ውስጥ በግ ታረባለች። የአንድ ጥቅል 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ዋጋ ጠይቃኝ ስነግራት፣ የምትፈትለውን ሱፍ አቁማ አየችኝ። «ስንት ጊዜ ያስኬዳል?» አለች። 30 ሜትር ነው፣ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲሄድ 4,000 ፍሬም ያህል ይሆናል፣ 2 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ አልኳት። «እንግዲያማ ጠቦቱን ሳትባርከው ነው ያረድከው» ብላ ወደ ፈትሏ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልም የምቆጥረው በበግ ነው። እስካሁን ስድስት ጨርሻለሁ፤ ሁለት ቀርተውኛል።

ካሜራው ክራስኖጎርስክ 3 ነው፤ ተንቀሳቃሽ ምስል የሚቀርጽ የፊልም ካሜራ። ሞስኮ አጠገብ ያለው የክራስኖጎርስክ መካኒካል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1993 ያመረተው፤ ዜኒት የሚባለውን ፎቶ ካሜራ የሠራው ያው ፋብሪካ። እኔ ያገኘሁት ባለፈው ጥቅምት ደብረ ብርሃን ነው። ሶቪየት ኅብረት ተምረው የመጡ አንድ ጋሼ ቤት፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ከእጅ መያዣውና ከትከሻ ማሳረፊያው ጋር ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ነበር። አጠገቡ አንድ ዜኒትና ሦስት ሌንስ አለ። «ፊልም ከየት ታመጣለህ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ለሁሉም የከፈልኩት አንድ መካከለኛ አዲስ ስልክ ከሚያወጣው ያንሳል።

ካሜራው የሚሄደው በሞላ ነው፤ ሞተሩ ባትሪ አያውቅም። (ሞላ የሚለውን ቃል መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ ወርሰውታል፤ ሰዓት «መሙላት» ደግሞ የራሳችን ነው። ሞላ ልሙላ ስል እስካሁን ፈገግ እላለሁ።) ጥግ ድረስ ሲሞላ 25 ሰከንድ ያህል ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ጥቅል ለመጨረስ ስድስት ሰባቴ መሙላት ግድ ነው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ መብራት ለሦስት ቀን በጠፋ ጊዜ ከእኔ ጋር የነበረው የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ባትሪውን የሚሞላበት ጄኔሬተር ሲፈልግ፣ እኔ አጥር ተደግፌ ሞላዬን እሞላ ነበር። ኩራቴ ግን ዕድሜው አጭር ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጓሳ ላይ ውርጭ ነበር፤ ቦታው ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ካሜራው ያቃስት ጀመር። ቅባቱ በብርድ ሲወፍር ፍጥነቱ ይወርዳል። ፍጥነቱ በወረደ ጊዜ የተቀረጸ ሰው፣ ፊልሙ በ24 ሲታይ እየተሯሯጠ የሚሄድ ይመስላል። አንድ የጓሳ ሣር የተሸከሙ አባወራ ቀስ ብለው ሲወጡ ቀርጬ፣ ሲታይ ዘራፍ ሊሉ የሚገሰግሱ መሰሉ።

ፍጥነቱን የምለካው እንዲህ ነው፦ የስልኬን ሩጫ ሰዓት ለአምስት ሰከንድ እቀርጽና፣ ፊልሙ ከታጠበ በኋላ በአንዱ ሰከንድና በሚቀጥለው መካከል ያሉትን ፍሬሞች በማጉያ መነጽር እቆጥራለሁ። 24 መሆን አለበት። የመጀመሪያው ጥቅል ላይ አንዴ 19፣ አንዴ 22 ነበር። ደብረ ብርሃን ያሉ አንድ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድኩት። ገልብጠው አዩትና «ትልቅ ሰዓት ነው እኮ፣ ሌላ ምንም አይደለም» አሉ። የደረቀውን ቅባት ጠርገው ቀጭን የሰዓት ዘይት ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ 24 ላይ ቆሟል። ብርድ ላይ ስወጣ ደግሞ ጋቢዬ ሥር ታቅፌው እሄዳለሁ፤ ሕፃን ያዘለ የመሰላቸው እናቶችም ነበሩ።

ሌላው ጉድለቱ ጭረት ነው። ፊልሙን በራሳቸው እያጠፉ የሚያስገቡ ሁለት መሪዎች ውስጡ አሉ፤ ክዳኑ ሲዘጋ ወደ ኋላ መሸሽ አለባቸው። የእኔው አንዱ አይሸሽም ነበር፤ ሁለት በግ ሙሉ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሮባቸው ወጡ። አሁን መሪውን አስወልቄ ፊልሙን በእጄ አጥፌ አስገባለሁ። በተበላሸ ፊልም ቁራጭ ሃያ ጊዜ ያህል ሳትለማመዱ እውነተኛውን አትንኩት። ብርሃን መለኪያውን ደግሞ እርሱት። የተሠራው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ያ ባትሪ አሁን አይመረትም። በ1.5 ቮልቱ ሲተካ ንባቡ ይዛባል። የስልክ መለኪያ ይበልጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ይህን ካሜራ ለእኛ ዓይነቱ ኪስ የሚያስመርጠው አፉ ነው፤ ኤም 42 የሚባለው ባለ ጥርስ መግቢያ። ከኤም 42 ዜኒት ጋር የመጣ ሌንስ ሁሉ እንደ ጠርሙስ ክዳን ይጠመዘዝበታል። የካሜራው የራሱ ሌንስ ሜቴዎር 5 ነው፤ ከ17 እስከ 69 ሚሊ ሜትር ይዘረጋል፣ ኤፍ 1.9 (ኤፍ የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል)። መጥፎ አይደለም። ከጋሼ ያገኘኋቸው ሦስቱ ግን ሄሊዮስ 44-2 (58 ሚሊ ሜትር)፣ ሚር 1 (37 ሚሊ ሜትር) እና ጁፒተር 37 (135 ሚሊ ሜትር) ናቸው።

ሄሊዮስን በተመለከተ አንድ ነገር ላፍርስ። ኢንተርኔት ላይ የሚወደስለት ከሰው ጀርባ ያለውን ቅጠል እንደ አዙሪት ማሽከርከሩ ነው። በ16 ሚሊ ሜትር ላይ ይህን አትጠብቁ። ሌንሱ የተሠራው ለ36 ሚሊ ሜትር ስፋት ምስል ነው፤ የዚህ ካሜራ ፍሬም ስፋት 10 ሚሊ ሜትር ከትንሽ ነው። አዙሪቱ ያለው ጠርዝ ላይ ነው፣ ጠርዙ ደግሞ ከፍሬሙ ውጭ ይቀራል። የሚደርሳችሁ የሌንሱ መሃል ብቻ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታው ግን ወዲያው ወተት የሚሆን። እኔ ያንን ወተት ወድጄዋለሁ።

በዚያው ስሌት 58ቱ በፎቶ ካሜራ ላይ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደሚያሳየው ያሳያል፤ 135ቱ ደግሞ እንደ 470። ጣርማበር ገደል ጫፍ ላይ የሚግጡትን ጭላዳዎች ሳላስደነግጥ የቀረጽኩት በዚህ ነው። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ ፍሬሙን ሞላው። ይህን የሚያደርግ ዘመናዊ ሌንስ ለመግዛት በግ አይበቃም፣ በሬ ያስፈልጋል። ችግሩ ንፋሱ ነው። በ135 ላይ የሞላው ንዝረት ራሱ ይታያል፤ የጣርማበር ንፋስ ሲጨመርበት ጭላዳው እስክስታ ይወርዳል። የትራይፖዱ መሃል ላይ ድንጋይ የሞላ ኩርቱ ፌስታል ማንጠልጠል ግማሹን ፈታልኝ።

ሌንስ ስትመርጡ የቀዳዳውን አከፋፈት እዩ። ሄሊዮስ 44-2 ቀዳዳውን በእጅ በሚዞር ቀለበት ይከፍታል ይዘጋል፤ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ከጀርባቸው ትንሽ መርፌ ያላቸው «አውቶማቲክ» ኤም 42 ሌንሶች ግን መርፌዋን የሚገፋ ካሜራ ይፈልጋሉ፤ ክራስኖጎርስክ አይገፋም። አውቶማቲኩን ማጥፊያ ከሌላቸው ቀዳዳቸው ሁልጊዜ እንደተከፈተ ይቀራል።

እንደተከፈተ መቅረት ደግሞ እዚህ አገር ጉድ ያፈላል። የምጠቀመው ኮዳክ ደብል ኤክስ ጥቁርና ነጭ ነው፣ በቀን ብርሃን አይኤስኦ (ፊልሙ ብርሃን የሚቀበልበት ፍጥነት) 250። ካሜራው በ24 ፍሬም ሲሄድ ሸተሩ (የብርሃን መዝጊያው) ለ1/60 ሰከንድ ያህል ይከፈታል። በጠራ ፀሐይ የሚያስፈልገው ቀዳዳ ኤፍ 32 ነው። ሄሊዮስ ኤፍ 16 ላይ ያበቃል። ይህን ሳላሰላ ጥር 11 አንኮበር ወጣሁ። የጥምቀት ነጠላ በደጋ ፀሐይ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ፊልሙ ላይ ሕዝቡ በሙሉ እንደ ኖራ ግድግዳ አንድ ሆኖ ወጣ፤ ጥለቱም፣ እጥፋቱም የለም። የካህናቱ ጃንጥላ ጥቁር ጥላ ብቻ ተረፈ። አሁን ብርሃን የሚቀንሰው ግራጫ ማጣሪያ ከሌንሱ አይወልቅም፤ ሦስት እርከን (በእያንዳንዱ እርከን ብርሃኑ በግማሽ) የሚቀንሰው ወደ ኤፍ 11 ያወርድልኛል። ደመና ሲኖር ከግራጫው ጋር ቢጫውን እጨምራለሁ፤ ሰማዩን ያጠቁርና ደመናውን ያወጣዋል።

ፊልሙን የማጥበው ራሴ ነኝ። የሶቪየት ፕላስቲክ ታንክ አለኝ፣ በአንድ ጊዜ 15 ሜትር የሚይዝ። 30 ሜትሩን በጨለማ ለሁለት እቆርጠዋለሁ፤ ጨለማው ዕቃ ቤታችን ነው፣ ሌሊት፣ በሩ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ተጋርዶ። ማጠቢያ ኬሚካሉ ዲ 76 ነው። 20 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የኅዳር ሌሊት የቧንቧ ውሃችን ግን ጣት ያደነዝዛል። ጠርሙሶቹን ሞቅ ያለ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ ቴርሞሜትር አስገብቼ እጠብቃለሁ። ማድረቂያው ሳሎን ውስጥ የተወጠረ ገመድ ነው። አንዴ አክስቴ እኛ ዘንድ ከርማ ሱፍ ስትፈትል ፊልሙን አሰጣሁ። የጭላዳው ፊት ላይ እስከ ዛሬ የበግ ፀጉር አለ፤ ጢም ያበቀለ ይመስላል።

ባለ ቀለሙን እንዳትሞክሩት። እስከ ቅርብ ጊዜ ይመረት የነበረው የኮዳክ የሲኒማ ቀለም ኔጌቲቭ ከጀርባው ጥቁር የካርቦን ሽፋን አለው፤ በቤት ውስጥ ሙልጭ አድርጎ ማስለቀቅ አሳር ነው። አንድ ጥቅል አባክኜበታለሁ።

ፊልሙ የሚመጣው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ነው። ያልታጠበ ፊልም በሻንጣ አይላክም፤ የአየር ማረፊያ ጠንካራ ጨረር ያደበዝዘዋል። በእጅ ተይዞ፣ በእጅ እንዲፈተሽ መለመን አለበት። የታጠበውን ግን ጨረር ስለማይነካው በፈለገው ሻንጣ ይሄዳል። እኔም ወደ ዲጂታል የሚገለብጥልኝ ውጭ ስለሆነ ታጥቦ ነው የሚሄደው። በቤት ውስጥ ፍሬም በፍሬም ፎቶ እያነሳሁ ልገለብጥ ሞክሬ አንድ ማታ 200 ደረስኩ። 3,800 ቀርቶኝ ተኛሁ።

ከፊልሙ በፊት የምለማመድበት ያገለገለ የፓናሶኒክ ማይክሮ ፎር ሰርድስ (ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስል ተቀባዩ፣ ትንሽ የሆነ ዲጂታል) ካሜራ አለኝ። ያው ሌንሶች በአንድ የአሉሚኒየም ቀለበት ይገቡበታል። ኤም 42 ሌንስ ከፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር መራቅ ይፈልጋል፤ የፓናሶኒኩ ርቀት 20 እንኳ አይሞላም፤ ልዩነቱን ቀለበቱ ይሞላል፣ ውስጡ ተጨማሪ ሌንስ አያስፈልገውም። ውስጡ የሚነሣ መስታወት ያለው ካኖን (ዲኤስኤልአር) ያላችሁም ስስ ቀለበት ይበቃችኋል፤ ሴንሰሩ ትልቅ የሆነው ካኖን ላይ ግን መስታወቱ የሌንሱን ጀርባ ሊመታ ስለሚችል መጀመሪያ አጣሩ። ባለ መስታወቱ ኒኮን ያለው ሰው ይቅርበት፤ ርቀቱ ስለሚበልጥ የሩቁ ተራራ ፎከስ አይገባለትም። የእኔ ቀለበት በፀጉር ያህል ወፍሮ መጥቶ የሰላድንጋይ ተራሮች በሙሉ ደብዝዘውብኝ ነበር። መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቼ እያሸሁ፣ እየሞከርኩ፣ እያሸሁ አስተካከልኩት። ደግሞ ካሜራው ሌንስ ሳይታወቀው እንዲያነሳ የሚፈቅደውን ምርጫ ሜኑው ውስጥ ክፈቱ፤ እኔ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር።

ስክሪኑ መሃል ላይ ስፋቱን 60 በመቶ የሚያህል አራት ማዕዘን በፕላስተር ሠርቻለሁ። 16 ሚሊ ሜትሩ የሚያየው ያንን ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ካላማረኝ ሞላውን አልነካም። በዚህ ልማድ የተነሳ ከአራተኛው ጥቅል ወዲህ የጣልኩት ፊልም በጣም ትንሽ ነው።

ድምፅ አይታሰብም። ካሜራው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ጆሮውን አቁሞ አየኝና ጥሎኝ ሄደ። ድምፁን ለብቻው በስልክ እቀዳለሁ።

የማይፈታው ችግር ግን ስፋት ነው። ከፎቶ ሌንሶቼ ሰፊ የሚባለው 37ቱ እዚህ ላይ እንደ 130 ነው። ሜቴዎሩ እንኳ 17 ላይ እንደ 60 ያያል። የመንዝ የድንጋይ ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ አክስቴን ስቀርጽ፣ እንዝርቷ ከገባ ፊቷ ይወጣል፣ ፊቷ ከገባ ምድጃው ይወጣል። ብርሃኑም በበሩ ከሚገባው በቀር የለም። ያንን ጥቅል ስታየው «ተራራውን ሁሉ አነሳህ፣ ቤታችን የታለ?» አለችኝ። ለኤም 42 ከ17 የሚሰፋ ሌንስ አለ፣ ዋጋው ግን የኔ አይደለም። የቤት ውስጥ ሕይወት መቅረጽ የሚፈልግ ሰው ይህን ካሜራ አይግዛ፤ ስልኩ ይበልጠዋል።

ለሌላው፣ ገንዘባችሁን በዚህ ቅደም ተከተል አውጡት፦ መጀመሪያ ሌንሱ፣ ቀጥሎ ቀለበቱ፣ ፊልም ካሜራው የመጨረሻ። ሌንስ ከገዛችሁ በኋላ ሻጋታ ተጠንቀቁ፤ ክረምት ላይ ከጥጥ ቦርሳ አውጥታችሁ ፀሐይ በወጣ ቁጥር አስጡት። ከደብረ ሲና ወደ ሸዋሮቢት ስትወርዱም ብርዱ ውስጥ የከረመ ሌንስ ሙቀቱ ሲያገኘው ላብ ያወጣል፤ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ግማሽ ሰዓት ይሙቅ።

ይህን ስጽፍ ካሜራው አጠገቤ የለም። ባለፈው ሳምንት ማስነሻው ተጭኖ ቀርቶ፣ ጣቴን ባነሳም አልቆም ብሎ ሞላውን እስኪጨርስ 15 ጫማ ፊልም በላ። ሰዓት ሠሪው ዘንድ ነው። «ከፍልሰታ በፊት አታምጣብኝ ጥያቄ» ብለውኛል፤ ሁለቱ በጎች ዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ብርዱ ውስጥ፣ ይጠብቃሉ።