የእምነት ተቋማት የወንዶች መሸጋገሪያ ቤት፦ ከመግቢያው ይልቅ መውጫውን እዩ

ጎዳና ላይ ለቆየ ወንድ በእምነት ተቋም የሚተዳደር መሸጋገሪያ ቤት ሲፈለግ የብዙ ጠያቂ ዓይን የሚያርፈው መግቢያው ላይ ነው። አልጋው ንጹሕ ነው ወይ፣ ምግቡ ይበቃል ወይ፣ ኃላፊው ደግ ሰው ነው ወይ። ይህ ለጊዜያዊ መጠለያ በቂ ጥያቄ ነው። መሸጋገሪያ ቤት ግን ሰውን ለወራት፣ አንዳንዴም እስከ 2 ዓመት አቆይቶ ወደ ራሱ ቤት ሊሸኘው የቆመ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በቅርቡ የወጡት 10 ሰዎች ዛሬ የት ያድራሉ?» የሚል ነው። መዝገብ አውጥቶ የሚመልስ ቤት አለ፤ የአንድ የተለወጠ ሰው ምስክርነት የሚተርክም አለ። ምስክርነቱ እውነት ቢሆንም ስለ ቀሩት 9 ሰዎች አይናገርም።

አቀባበሉ ላይ ትልቁ ስሕተት የሚሠራው በመጠጥ ጉዳይ ነው። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነቱን እያንቀጠቀጠ ሊጥለው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ ቅዠት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። «በጸሎት እናስቆመዋለን» ብሎ ክፍል ውስጥ የሚያስተኛ ቤት፣ ልቡ ምንም ቅን ቢሆን፣ አይመረጥም። ሐኪም ካየው በኋላ የሚቀበል ይመረጣል። በሄሮይንና ኦፒዮይድ በሚባሉት መሰል አደንዛዥ ዕፆች ሱስ የተያዘ ሰው አደጋው የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ለሳምንታት ካቆመ በኋላ ሰውነቱ ለዕፁ የነበረውን መቋቋም ያጣል፤ ያኔ ወደ ድሮው መጠን ቢመለስ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። በዕፁ ብዛት የቆመን ትንፋሽ የሚመልሰው መድኃኒት፣ ናሎክሶን፣ በእጅ መኖሩን፣ የሌሊት ተረኞችም አጠቃቀሙን መሠልጠናቸውን ጠይቁ።

ነዋሪው ይዞት የሚገባው መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ተቆልፎ መቀመጡ ተገቢ ነው፣ መነጠቁ ግን አይደለም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ በርትቶ ሊመለስ ይችላል፤ የአእምሮ ሕመም መድኃኒትም ያለ ሐኪም ምክር አይቆምም። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው በተደራራቢ አልጋ ላይኛው ላይ ማስተኛት ደግሞ ቤቱ የሕመም መጠይቁን አስሞልቶ እንዳላነበበው ያሳብቃል። ትኋን እንዳይገባ የአዲስ ገቢ ልብስ ወዲያው በከረጢት ታስሮ በሚችለው ከፍተኛ ሙቀት ማድረቂያ ውስጥ 30 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ይህ ሁሉም ሰው ሲገባ የሚደረግ መሆን አለበት፤ አንዱን ብቻ ለይተው ካደረጉበት ስድብ ይሆናል።

ወደ ጸሎቱ እንምጣ። ቀንና ሌሊቱ ለተደባለቀበት ሰው በተወሰነ ሰዓት የሚጠብቁት፣ በስሙ የሚጠሩት ሰዎች መኖራቸው ትልቅ ነገር ነው። የእምነት ቤቶች እዚህ ላይ የሚበልጧቸው ጥቂት ናቸው። አልጋው በጸሎት ከመገኘት ጋር ሲታሰር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጎዳና ለሰው ከሚያስተምረው አንዱ፣ ሰጪው መስማት የሚፈልገውን መናገር ነው። አስገዳጅ ጉባኤ ይህንኑ ልማድ ቤት ውስጥ ያስቀጥለዋል። በጉባኤው «ነጻ ወጣሁ» ያለ ሰው ማታ ሲያምረው ለአማካሪው ለመናገር ያፍራል፣ ያ ዝምታ ደግሞ ማገርሸትን ይሸፍናል። ሌላ መንገድ እንዳለ ኤማሁስ የተባለው ማኅበር ያሳያል። ካቶሊካዊው ቄስ አቤ ፒየር እ.ኤ.አ. በ1949 ፈረንሳይ ውስጥ ያቋቋሙት ማኅበር ነዋሪውን ስለ እምነቱ አይጠይቅም፤ ያገለገሉ ዕቃዎችን ሰብስቦ፣ ጠግኖና ሸጦ አብሮ እንዲተዳደር ያደርጋል።

ሥራው ራሱ ግን ሊመረመር ይገባል። የራሱን ክፍልና ወጥ ቤቱን ማጽዳት የአብሮ መኖር ግዴታ ነው። በቤቱ ሱቅ ወይም መጋዘን ቀኑን ሙሉ ያለ ክፍያ መሥራት ግን «የሥራ ሕክምና» ቢባልም ሥራ መፈለጊያ ሰዓቱን ይበላዋል። የሰዓት እላፊውም እንዲሁ ያበላሻል። በሩ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ያለ ልዩነት የሚዘጋ ከሆነ የሌሊት ፈረቃ ያገኘ ሰው ከሥራውና ከአልጋው አንዱን ሊመርጥ ነው። የአሠሪ ደብዳቤ ይዞ ለሚመጣ በሩን የሚከፍት ቤት ፈልጉ።

ቁጠባ በነዋሪው ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ቢሆን ይሻላል። ቤቱ የሚያስቀምጥለት ከሆነ ለእያንዳንዱ ገቢ ደረሰኝ፣ በየወሩ የቀሪ ሒሳብ ወረቀት፣ ለማውጣትም ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል። ሰውየው ተባርሮ ቢወጣ ገንዘቡ ምን እንደሚሆን በውሉ ላይ ተጽፎ ካላያችሁ አታስፈርሙት።

ሲያገረሽበትስ? የቤቱ ጠባይ የሚታየው ያኔ ነው። ጠጥቶ የመጣን ሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ደጅ ማውጣት ሌሎቹን የመጠበቂያ ዘዴ ይመስላል። እርግጥ ጠበኛ ሆኖ ከመጣ ሌሎቹን ማዳን ይቀድማል። ዝም ብሎ የሰከረ ግን ሰው በሚያየው ክፍል በጎኑ ይተኛል፣ አተነፋፈሱ ይታያል፤ ውይይቱ ጠዋት ነው። ከቤት መውጣቱ ከተወሰነም የት እንደሚያድር ታውቆ በቀን ይወጣል፣ የሚመለስበት ቀንና ቅድመ ሁኔታም በጽሑፍ ይሰጠዋል።

ብዙዎች የማያዩት ወጥመድ አንድ አለ። ጎበዙ ነዋሪ እንደጨረሰ እዚያው ይቀጠራል። ያለፈበትን መንገድ ስለሚያውቅ ለአዲሶቹ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሥራው፣ መኝታውና ጉባኤው በአንድ እጅ ውስጥ ሆነዋል ማለት ነው። አንድ ቀን ቢወድቅ ሦስቱንም በአንድ ጠዋት ያጣል። ቢያንስ መኝታው ሌላ ቦታ ይሁን።

መሸጋገሪያ ቤት ለሁሉም የሚሆን አገልግሎት አይደለም። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 በ5 ከተሞች፣ ቤት አልባ በሆኑና የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ከ2,000 በላይ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ መጠጥ ማቆምን ሳይጠይቅ መጀመሪያ ቤት የሰጠው አሠራር ሰዎቹን በቤታቸው በማቆየት ከተለመደው አገልግሎት በልጧል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትንና የጋራ ክፍል የሚያስጨንቀውን ሰው 20 ሰው ወደሚኖርበት ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ይህን አማራጭ ጠይቁ።

ደህና ቤት የመውጫውን ሥራ የሚጀምረው በመጀመሪያው ሳምንት በመታወቂያ ነው። ያለ እሱ የባንክ ሒሳብም ሆነ የኪራይ ውል አይንቀሳቀስም። ከመውጫው 2 ወር በፊት የቅድሚያ ኪራዩና የመጀመሪያው ወር ወጪ ተሰልቶ መገኘት አለበት፤ ፍራሽ፣ ድስትና ብርድ ልብስም ይዘጋጃሉ። ከወጣ በኋላ ክፉው ሰዓት ምሽት ነው፤ ጫጫታ የለመደ ሰው በራሱ ክፍል ጸጥታ ይጨንቀዋል። በ3ኛው፣ በ30ኛውና በ90ኛው ቀን የሚደውልለት አንድ ሰው በስም ካልተመደበ፣ «ሁላችንም እንጠይቀዋለን» እየተባለ 3 ወሩ ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል።