ለዶርዜው አስጎብኚያችን፣ ከእኔና ከእናቴ

እናቴ ያደገችው ሽሮ ሜዳ ነው። ከዶርዜ ሸማኔዎች ጋር በጋቢና በነጠላ ዋጋ ስትከራከር ነው ዕድሜዋን የፈጀችው። ጥር ላይ የሳምንት ፈቃድ አግኝቼ "የት ልውሰድሽ?" ስላት፣ "እስቲ የእነዚህን ሰዎች አገር አሳዪኝ" አለችኝ።

እኔ ዶርዜን አንዴ አይቼዋለሁ፤ አይቼዋለሁ ከተባለ። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ከአርባ ምንጭ በመኪና አውጥቶን፣ ቤት አሳይቶን፣ ቆጮ በማርና በዳጣ አቅምሶን፣ ፎቶ አስነስቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ መለሰን። የዳጣው ማቃጠል እንኳ ሳይለቀኝ አርባ ምንጭ ነበርን።

አሁን ግን ሦስት ሌሊት እዚያው አደርን፣ ቀኑን በእግር ዞርን። ያስጎበኘን የአካባቢው ልጅ ነው፤ ያደርንበት ቤት ባለቤት ናቸው ያገናኙን። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው።

መጀመሪያ ቀን ጠዋት ሲመጣ ብርዱ አጥንት ይገባል። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዶርዜ ወዳለበት ወደ ጨንቻ ሲወጣ ግን ከፍታው እጥፍ ይሆናል፤ ጋቢ ያዙ። ልጁ ሰላም ብሎን እናቴ ሁለት ሦስት እርምጃ ስትራመድ ዝም ብሎ አያት። ከዚያ "እማዬ፣ የትኛው ጉልበትሽ ነው?" አላት። እኔ ልጇ ጉልበቷን እንደሚያማት አላውቅም ነበር! እሷም ደነገጠች፣ "ግራው" አለች ቀስ ብላ። ሊወስደን ያሰበውን መንገድ እዚያው ለወጠው። ከአጥሩ ጥግ ቀርከሃ ቆርጦ፣ አንጓዎቹን በቢላ አለስልሶ፣ ከክርኗ ጋር ለክቶ ምርኩዝ ሰጣት። ሦስቱንም ቀን የሄድነው በእሷ እርምጃ ነው። አንድም ጊዜ "ቶሎ በሉ" አላለም።

በእንሰት ማሳዎች መሃል በምታልፍ ቀጭን መንገድ ወደ ሸለቆው ወረድን። አንድ ጓሮ ውስጥ አንዲት ሴት እንሰት ይፍቃሉ። ልጡን ዘመም ባለ ሰሌዳ ላይ አጋድመው፣ አንድ እግራቸውን ሽቅብ አንስተው በተረከዛቸው ይዘውታል፤ እጃቸው በቀርከሃ መፋቂያ ይወርዳል። እናቴ አጠገባቸው ቁጭ አለች። አስጎብኚያችን አስተረጎመ እንጂ መሃል ገብቶ ንግግር አላደረገም። ግማሽ ሰዓት አወሩ፤ ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ልጆች። የሴትየዋ ልጅ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ሆኖ ተገኘ! እናቴ ታውቀው ይሆን ብለው ፊቱን፣ ቁመቱን ሁሉ ተነጋገሩ፣ አልተገጣጠመም።

ቤቶቹን ሁላችሁም በፎቶ ታውቋቸዋላችሁ፣ የዝሆን ፊት የመሰሉት። እሱ የነገረን ግን ይህን ነው፦ ምስጥ ቀርከሃውን ከሥሩ ሲበላው የተበላው እየተቆረጠ ይጣላል፣ ቤቱ እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ ረጅሙ አዲስ ነው፣ አጭሩ ሽማግሌ። ከዚያ በኋላ መንደሩን የማየው በዕድሜ ሆነ።

አንድ ሜዳ ጋ ስንደርስ አስቆመንና በዳር አዞረን። ዱቡሻ ነው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጉዳይ የሚያዩበት፣ ዕርቅ የሚያወርዱበት ቦታ። በ2011 ዓ.ም. መስከረም አርባ ምንጭ ላይ የጋሞ አባቶች (ዶርዜም ከጋሞ ነው) ለበቀል በተነሡ ወጣቶች ፊት የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው መንበርከካቸው ትዝ አለኝ። እሱ ሳልጠይቀው ከመሬት ሣር ነጭቶ አሳየኝ፣ ምንም አላለም።

አንድ ጉድለት አለው፣ ልናገር። "ደርሰናል" ካለ አልደረሳችሁም። "ትንሽ ናት" ካለ ሌላ ሰዓት ቁጠሩ። ሁለተኛው ቀን ዝናብ መጣና ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራትቼ በቂጤ ወረድኩ። እናቴ በምርኩዟ ቆማ ሳቀችብኝ።

ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ ልጆች የጨንቻ ፖም ይሸጣሉ፣ እሱን ሳትገዙ አትለፉ። ከዳገቱ ላይ ደግሞ አባያና ጫሞ አንድ ላይ ይታያሉ፤ አባያ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተራራማ መሬት። ሾፌሩን አስቁሙት።

ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄው እሰጣችኋለሁ። ዋጋ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እኛን የጠየቀን ደህና ዋጋ ነው፣ መጨረሻ ላይም ጭማሪ አላነሳም። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት በእሱ በኩል ጠይቁ።

ከተመለስን በሳምንቱ ደወለ። እኔን አይደለም፣ እናቴን። ጉልበቷን ሊጠይቅ። ምርኩዙ አሁን በራችን ጥግ ቆሟል፣ እሷም የዚያችን ሴትዮ ልጅ ሽሮ ሜዳ እያጠያየቀች ነው።

ለመስቀል ሰሞን ግን እንዳትደውሉለት። ያኔ ጋሞ ሁሉ አገሩ ይገባል፣ እሱም ሥራ አይቀበልም።