ጅብራና አስታ ላይ የፈተንኩት የሥነ ምህዳር መለያ

ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የአካባቢ ጥበቃ ክበቡም በእኔ ላይ ነው። ልጆቹ ስለ ጎጃሙ ቾቄ ተራራ ጻፉ ሲባሉ «ተራራው ተራቁቷል» ብለው አራት ነጥብ ያደርጋሉ። የቱ ጋ? ምን ያህል? ከመቼ ወዲህ? ዝም ነው። ለዚህ መላ ስፈልግ ነው የዓለም አቀፉን የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት፣ የአይዩሲኤንን፣ የሥነ ምህዳር መለያ ድረ ገጽ ያገኘሁት። አብሮት የሚሄድ፣ አንድ ሥነ ምህዳር ምን ያህል ለአደጋ እንደተጋለጠ የሚለካበት፣ የቀይ መዝገብ መመሪያ አለው። ሁለቱም በነፃ ናቸው።

መለያው የምድርን ሥነ ምህዳር ከመቶ በላይ ዓይነት አድርጎ ይከፍላል። ለእያንዳንዱ ፎቶ፣ መግለጫና ካርታ ያለው ገጽ አለው። የቾቄ አናት «ቲ6.5» ነው፤ የሐሩር ክልል ከፍተኛ ተራሮች የሣርና የቅጠላ ቅጠል ምድር። ከኛው ጅብራ ጋር እዚያው ምድብ ውስጥ የኮሎምቢያ ተራሮች አሉ። ዘራቸው የማይገናኝ ዕፅዋት ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በውርጭ እየተፈተኑ አንድ መልክ ይዘዋል፤ ረጅም ግንድ፣ ጫፉ ላይ ክብ የቅጠል ጉንጉን። ጅብራ ዕድሜውን ሙሉ ቆይቶ አንዴ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል። ይህን ስነግራቸው የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው ልጅ ሁሉ ይነቃል።

ዋናው ቁም ነገር ግን መመሪያው ነው። አንድን ሥነ ምህዳር በአምስት መስፈርት ይፈትነዋል። ስፋቱ ቀንሷል ወይ? ድሮውንም ጠባብ ቦታ ላይ የተወሰነ ነው ወይ? አፈሩ፣ ውኃው፣ አየሩ ተበላሽቷል ወይ? በውስጡ ያሉት ፍጥረታት መደጋገፋቸው ተናግቷል ወይ? አምስተኛው የመውደም ዕድሉን በስሌት መተንበይ ነው፤ እሱን ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ትቼዋለሁ። ውጤቱ አይደመርም፣ አማካይም የለውም። በአራት ትምህርት መቶ ደፍኖ በአንዱ ስለወደቀ ክፍል እንደሚደግም ተማሪ፣ በአንዱ ክፉኛ ከወደቀ የሚሰጠው ደረጃ የዚያው የከፋው ነው።

ስፋትን እንይ። በ50 ዓመት ውስጥ 30 በመቶ ከቀነሰ «ተጋላጭ»፣ 50 ከደረሰ «ለአደጋ የተጋለጠ»፣ 80 ከደረሰ «እጅግ ለአደጋ የተጋለጠ» ይባላል። የመጨረሻው «የወደመ» ነው፤ ለአራል ባሕር የተሰጠው እሱ ነው።

ይቺ 50 ዓመት ለጎጃም ገጠመች። ወደኋላ ስትቆጥሩ 1967 ዓ.ም. አካባቢ፣ የመሬት አዋጁ ጊዜ ላይ ትደርሳላችሁ። ሽማግሌ «ከ50 ዓመት በፊት» ብትሉት ግራ ይገባዋል፤ «መሬት ላራሹ ሲታወጅ አስታው የት ይደርስ ነበር?» ስትሉት ግን በዱላው ያሳያችኋል። አስታ ከጅብራው ዝቅ ብሎ የሚበቅለው የደጋ ቁጥቋጦ ነው። አንድ አባት «ልጄ፣ ያ ገብሱ ያለበት ሁሉ አስታ ነበር፤ ከብት ገብቶ ይጠፋብን ነበር» አሉኝ። ልጆቹ ያንን ወሰን በስልክ ጂፒኤስ ይዘው ላንድሳት ከሚባለው ሳተላይት ምስል ጋር ያስተያያሉ። ላንድሳት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ስለሆነ ዘመኑም ይቀራረባል። መመሪያው ከ1750 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለውንም መለካት ይቻላል ይላል። እሱ የእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ነው፤ ማንን ልጠይቅ?

ጣናንም ሞክረነዋል። የውኃውን ስፋት ብቻ ብታዩ ሕመሙ አይታያችሁም። እንቦጭ የሚባለው የውኃ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ ያለው ጣጣ የሚመዘነው በሦስተኛውና በአራተኛው መስፈርት ነው። «ሐይቁ እኮ አለ» ብሎ የሚከራከር ሰው ካጋጠማችሁ ይህን አሳዩት።

ደኑን ከተተከለው ዛፍ መለየቱን ደግሞ በጣም ወድጄዋለሁ። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ሂዱ፤ ኮረብታው አረንጓዴ ነው። ግን ለከሰል የተተከለ ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ነው፤ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ በአራት አምስት ዓመት የሚቆረጥ። ለገበሬው ገንዘብ ነውና አልነቅፈውም። ሆኖም «የደን ሽፋን ጨመረ» ሲባል ጥዱና ወይራው ተመለሱ ማለት አይደለም። መለያው እንዲህ ያለውን «ቲ7.3» ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ባሕር ዛፋችንም እዚያው ነው።

አሁን ወደ ወቀሳው። ካርታው ቀይና ቢጫ ነው፤ ቀዩ ዋና መገኛ፣ ቢጫው አነስ ያለ። ለዓለም ይሆናል፤ ጎጃም ላይ አጉልታችሁ ስታዩት ግን የፈሰሰ ቀለም ነው። አንድ ደብርን የከበበው የዝግባና የወይራ ደን ፈጽሞ አይታይም። የኛ የሀገር በቀል ዛፍ የቀረው በአብዛኛው እዚያ ነው፣ ስለዚህ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ለዚህ አገሪቱን በ12 የሚከፍለውን የኢትዮጵያ የዕፅዋት ካርታ ጎን ለጎን እንጠቀማለን። እሱ አስታውን ከ3,000 እስከ 3,200 ሜትር፣ ጅብራውን ከዚያ በላይ ያደርገዋል። ግን እሱም የሚያሳየው ሊበቅል የሚችለውን ነው፤ ዛሬ ያለውን እናንተው ወጥታችሁ ታያላችሁ።

ቋንቋው ደግሞ እንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ጠጣር። ዘጠነኛ ክፍል ብቻውን አይገፋውም፤ እኔ ሰሌዳ ላይ በአማርኛ እየፈታሁ ነው የሄድነው።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ለመምህር፣ ለግብርና ባለሙያ፣ ቾቄ እንግዳ ይዞ ለሚወጣ አስጎብኚ ይጠቅማል። የቀበሌውን ካርታ ለሚፈልግ አይሆንም። ፎቶዎቹ ፓኬጅ ይበላሉ፤ መመሪያውን ከተማ ሳላችሁ አውርዱት፣ ተራራው ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል።