ዴቢያን 12ን ወደ 13 ማሳደግ፦ ሦስት ማሽን፣ ሦስት ውሳኔ

ቤቴ ውስጥ ዴቢያን (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያስኬድ ነጻ የሊኑክስ ሲስተም) የሚሠራባቸው ሦስት ማሽኖች አሉ። አንዱ የትርጉም ሥራዬን የምሠራበት ላፕቶፕ ነው። ሁለተኛው ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ስክሪን የሌለው ትንሽ ሰርቨር ነው፤ የቤተሰቡ ፎቶና ለዓመታት ያጠራቀምኩት የቃላት መዝገብ ያለው እሱ ላይ ነው። ሦስተኛው ባለ 32 ቢት አሮጌ ሚኒ ላፕቶፕ ነው። ዘፈን ከማጫወት በቀር ሥራ የለውም፤ ግን መጣል አላስቻለኝም።

ዴቢያን 13፣ በቅጽል ስሙ ትሪክሲ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2025 ወጣ። በዚያው ሳምንት እጄን ሲበላኝ ሰነበተ። እህቴ ታውቀኛለች። «አንተ እኮ ደህና የሚሠራ ነገር ካልነካካህ እንቅልፍ አይወስድህም» አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚህ ጊዜ ግን እንደ ምንም ብዬ ጠበቅሁ።

ለመጠበቅ በቂ ምክንያት ነበረኝ። ዴቢያን 12፣ ማለትም ቡክወርም፣ የወጣው ጁን 2023 ነው። አንድ የዴቢያን ልቀት ሦስት ዓመት ሙሉ ድጋፍ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ዓመት የተራዘመ የደኅንነት ድጋፍ ያገኛል። ስለዚህ እስከ 2026 አጋማሽ ማንም አያባርረኝም ነበር። አዲስ ዕቃ አልገዛሁም፤ ዋይፋዩም ድምፁም ይሠራል። እውነቱን ለመናገር ያጓጓኝ ሊብሬኦፊስ የሚባለው የጽሑፍና የሠንጠረዥ ፕሮግራም ብቻ ነበር። 12 ላይ ያለው 7.4 ነው፣ 13 ላይ ያለው 25.2። ከደንበኞች የሚመጡልኝ ፋይሎች በአሮጌው ሲከፈቱ ሠንጠረዡ ይዘበራረቅብኝ ነበር። ይህ ለማሳደግ ምክንያት ይሆናል፤ ለመቸኮል ግን አይሆንም።

የመጀመሪያው እርማት 13.1 ሴፕቴምበር 6 ቀን ወጣ። እኔ ሁልጊዜ የምጠብቀው እሱን ነው። ከዴቢያን የተሠራው ኡቡንቱም ቢሆን ኤልቲኤስ (ለዓመታት ድጋፍ የሚያገኝ ልቀት) ለሚጠቀሙ ሰዎች አዲሱን ኤልቲኤስ «አሁን ማሳደግ ትችላላችሁ» የሚለው ነጥብ አንዱ፣ ማለትም የመጀመሪያው እርማት፣ ከወጣ በኋላ ነው። 24.04 በኤፕሪል 2024 ወጥቶ 24.04.1 የመጣው ኦገስት መጨረሻ ላይ ነበር። የዘጠኝ ወር ድጋፍ ብቻ ያላቸውን የኡቡንቱ ልቀቶች የሚወዱ ጓደኞች አሉኝ። ይመቻቸው፤ እኔ በዓመት ሁለቴ ለዚህ ጉዳይ ቁጭ የምልበት ትዕግሥት የለኝም።

የዴቢያን 13 ምርጡ ክፍል የትኛው ነው ብትሉኝ መልሴ ሪሊዝ ኖቱ፣ ማለትም ከልቀቱ ጋር የሚወጣው የማሳወቂያ ሰነድ ነው። ደረቅ ነው፣ ረጅም ነው፣ አንድም ሥዕል የለውም። ግን ምን ሊበላሽ እንደሚችል አስቀድሞ ይነግራል። እኔ ግማሹን አንብቤ ላፕቶፔን አዳንኩ። ግማሹን ሳላነብ ደግሞ ሰርቨሬን ጉድ ሠራሁት።

ከላፕቶፑ ልጀምር። መጀመሪያ የጫንኩበት ዴቢያን 10 ነበር። ከዚያ ወደ 11፣ ከዚያ ወደ 12 እዚያው በላዩ ላይ እያሳደግሁ መጣሁ። ዲስኩ በምስጢር የተቆለፈ ስለሆነ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የሚቀመጥበት ቡት የሚባለው ክፍል ለብቻው ነው። ሪሊዝ ኖቱ ይህ ክፍል ቢያንስ 768 ሜጋባይት ይሁን፣ 300 ያህል ደግሞ ነጻ ይኑረው ይላል። የእኔን ባየው ጠቅላላው 236 ነው! ከርነልና ፈርምዌር (የዕቃዎቹ የውስጥ ፕሮግራም) ከዓመት ዓመት እየወፈሩ ስለመጡ በ2019 የበቃው ዛሬ አይበቃም። ሳላይ ብጀምረው ኖሮ ፕሮግራም የሚጭነውና የሚያሳድገው አፕት መንገድ ላይ «ቦታ የለም» ብሎ ይቆም ነበር። ግማሹ 12፣ ግማሹ 13 የሆነ ማሽን ደግሞ ለማንም አልመኝም።

ስለዚህ ዲስኩን ደምስሼ ላፕቶፑን እንደ አዲስ ጫንኩት። መጀመሪያ ሆም ፎልደሬን በሙሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። ከዚያ ሦስት ፋይሎችን መርጬ ከባክአፑ ላይ ከፈትኩ፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ባክአፕ ነው ብዬ አላምንም። ቀጥሎ በእጄ የጫንኳቸውን ፓኬጆች ስም አፕት-ማርክ ሾውማኑዋል በሚለው ትእዛዝ ዘረዘርኩ። 214 ወጡ። አዲሱ ላይ መልሼ የጫንኩት ስልሳውን ብቻ ነው። የቀሩትን ለምን እንደጫንኳቸው እንኳ አላስታውስም።

ከመጫኔ በፊት ላይቭ ሲስተሙን (ሳይጫን የሚሠራውን) ከፍላሽ አስነስቼ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ስክሪኑን አየሁ። ድሮ የዋይፋይ ፈርምዌር ለብቻ ፈልጎ ማውረድ ነበረብን። ከ12 ጀምሮ መጫኛው ውስጥ አብሮ ይመጣል፤ እግዜር ይስጣቸው።

አዲሱ ሲስተም ላይ ቶሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው አፕት 3.0 ነው። የሚጫነውን በአረንጓዴ፣ የሚጠፋውን በቀይ ለይቶ ያሳያል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን «እሺ» ከማለቴ በፊት ቀዩን እንዳነብ አስለምዳኛለች። ጂኖም 48 የሚባለው የዴስክቶፕ ገጽ ፈጣን ነው። ከርነሉም ከ6.1 ወደ 6.12 አድጓል፤ እኔ ግን ልዩነቱ አልታወቀኝም። ሊብሬኦፊሱ የተፈለገውን ያደርጋል፤ ሠንጠረዦቹ ቀጥ ብለዋል።

አንድ ነገር ግን አስደነገጠኝ። ትልልቅ ስካኖችን ስጨምቅ ፕሮግራሙ «ቦታ የለም» አለኝ። ዲስኩ ላይ 300 ጊጋባይት ነጻ እያለ! ለካ በ13 ቲኤምፒ የሚባለው ጊዜያዊ ፎልደር ዲስክ ላይ ሳይሆን ሜሞሪ ላይ ነው፤ እስከ ሜሞሪው ግማሽ ድረስ ብቻ ይይዛል። የእኔ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ስለሆነ ጣሪያው 4 ነው። ይህም ሪሊዝ ኖቱ ላይ ከነመመለሻ ትእዛዙ ተጽፏል። እኔ ግን ወደ ድሮው ከመመለስ የፕሮግራሙን የሥራ ፎልደር መቀየር መረጥሁ።

አሁን ወደ ሰርቨሩ። እሱን እንደ አዲስ መጫን አልፈለግሁም፤ ያስተካከልኳቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ቡቱም ለብቻው አልተከፈለም። ስለዚህ እዚያው ላይ ማሳደግ። ከላፕቶፔ ሆኜ በርቀት በሚያስገባው ኤስኤስኤች ገባሁ። መስመር ቢቋረጥ ሥራው እንዳይቆም ቲመክስ ውስጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ 12ን ሙሉ በሙሉ አፕዴት አደረግሁ። ከውጭ የጨመርኳቸውን ሁለት ሪፖዚቶሪዎች (ፕሮግራም የሚወርድባቸው ምንጮች) ዘጋሁ። የምንጮቹ ዝርዝር ውስጥ ቡክወርም የሚለውን ስም በትሪክሲ ተካሁ። ከዚያ በሁለት እርምጃ ሄድኩ፦ መጀመሪያ አዲስ ፓኬጅ የማይጨምረውን ቀላል አፕግሬድ፣ ቀጥሎ የቀረውን ሁሉ የሚያሳድገውን ፉል-አፕግሬድ። መሃል ላይ «ይህን የማዋቀሪያ ፋይል ቀይረኸዋል፤ አዲሱን ላድርግ ወይስ ያንተን ልተው?» እያለ ይጠይቃል። ዝም ብላችሁ ኢንተር ብትጫኑ የእናንተን ይተዋል። እኔ ልዩነቱን እያየሁ ወሰንኩ። አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ፤ አንድም ስህተት አልታየም። ሪስታርት አልኩት።

አልተመለሰም።

አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። አሥር ጠበቅሁ። «አለህ ወይ?» ብዬ በኔትወርክ የምልከው ፒንግም ዝም። ልቤ ድው ድው ይላል፤ የልጆች ፎቶ ሁሉ እዚያ ነው። ባክአፕ እንዳለኝ እያወቅሁ ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ ከሌላ ክፍል ስክሪንና ኪቦርድ ተሸክሜ መጥቼ ሰካሁ። ሰርቨሩ በሰላም ተነስቷል፤ የመግቢያ ስም እየጠየቀ ይጠብቃል። የኔትወርክ ካርዱ መጠሪያ ስም ብቻ ተቀይሯል። ማዋቀሪያው ውስጥ እኔ የጻፍኩት የድሮው ስም ስለሆነ መስመር አላገኘም። ስሙን አስተካከልኩ፣ ሁለት ደቂቃ። ስልኬን አውጥቼ ሪሊዝ ኖቱን ብከፍት የካርዶች ስም ሊቀየር እንደሚችል ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። በርቀት የምታሳድጉ ሰዎች ተጠንቀቁ ይላል። እኔው ነኝ የዘለልኩት።

የቃላት መዝገቤ ያለበት ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ሌላ ታሪክ ነው። 13 ይዞ የመጣው 17ን ነው፤ የእኔ ዳታ ግን አሮጌው 15 ውስጥ እንዳለ ቆየ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ዳታውን የማዛወሩ ሥራ የባለቤቱ ነው። ይህን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ሳይጠይቁኝ ቢያዛውሩት ነበር የምቆጣው። በሳምንቱ፣ ሥራ በሌለኝ ቀን፣ መጀመሪያ ወደ ፋይል ገልብጬ ከዚያ አዛወርኩት።

ለሚኒ ላፕቶፑ ምንም አላደረግሁም። ዴቢያን 13 ለባለ 32 ቢት ፒሲ መጫኛም ከርነልም የለውም። የ32 ቢት ፓኬጆቹ የቀሩት በ64 ቢት ማሽን ላይ አሮጌ ፕሮግራም ለማስኬድ ነው። ስለዚህ 12 ላይ ይቆያል። ድጋፉ ሲያልቅ ከኢንተርኔት አላቅቀዋለሁ። ዘፈኑ ፍላሽ ላይ ስለሆነ ቅር አይለውም።